የኢያቄም አስተርጓሚ

«ላፍቶን ከዳር እስከ ዳር ብታስሺ ኢያቄምን የሚያነበው ከኔ ሌላ ሰው አታገኚም!» አለች ትሩፋት፣ ክርኗን የእትዬ ዙሌካ ሱቅ መስኮት ላይ ተክላ። «ወንድሜ አፍ ባይኖረው እኔ አፉ ነኝ። ዐይኑን አይቼ ሆዱን እነግርሻለሁ። ሲርበው፣ ሲከፋው፣ ሊማታ ሲነሳ ቀድሜ ነው የማውቀው። ዶክተሩ እንኳን ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ ተምሮ መጥቶ የሚጠይቀው ማንን ነው? እኔን! ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን የጣልኩትን እኔን!»

እትዬ ዙሌካ ስኳር እየመዘነች ነበር። ስኳር ሰሞኑን እንደ ወርቅ ተወዷልና ዐይኗን ከሚዛኑ ላይ አላነሳችም። «ወላሂ፣ ያንቺ ምላስ ለብቻው ቀበሌ ያስፈልገዋል» አለች። ወዲያው ከማዶ፣ ከነትሩፋት ግቢ፣ ቆርቆሮ በመዶሻ የሚደበደብ የሚመስል ድምፅ መጣ። ግው። ግው። ግው። እትዬ ዙሌካ አሁን ቀና አለች። «በይ እንግዲህ አስተርጓሚ፣ አሁን ደግሞ ምን እያለ ነው?»

ትሩፋት ስኳሯን ሳትቀበል ሮጠች። ኢያቄም የግቢውን በር በግንባሩ እየወቀረው ነበር። ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል፣ ልቡናው ግን ከሕፃንነት ወዲህ ብዙም አልተራመደም። ሰፈሩ «ጅሉ» ይለዋል። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፣ ረጅሙን በንቲን «ረጅሙ» እንደሚሉት ያህል ነው። ትሩፋትም ስትናደድ ትለዋለች፣ ሳትናደድም ትለዋለች። እንደ ልማዷ መዳፏን በግንባሩና በቆርቆሮው መሃል ሰደደች፤ ጣቶቿ እንደ ነጭ ሽንኩርት ተጨፈለቁ። ጮኻ ልትስበው ስትል ክርኑ ተመልሶ አፏ ላይ አረፈ። ከንፈሯ ተተረተረና ደሙ አገጯ ላይ ወረደ። «አንተ ከብት! አንተ ጅል!» ብላ ጀርባውን በቡጢ ነረተችው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ሌላ የንግግር ዓይነት ጠፍቷል። እሱ ግን እሷን እንኳን አላያትም። ወደ ግቢው መሃል ሄዶ ቆመና በሁለት እጁ ደረቱን ይደቃ ጀመር። ድው፣ ድው፣ ድው። ከዚያ ጥፍሩን ጉንጩ ላይ ተከለና ወደ ታች ጎተተው። ሲደክመው ቁጭ አለ። ትሩፋት ከንፈሯን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ወደ ቤት ገባችና አልጋው ራስጌ ባለው የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ሁለት ሽምብራና አንድ ባቄላ ጣለች።

የሽምብራውን ነገር ያመጣው ዶክተር ሚሳኤል ነው። ከሐዘንና ከመንፈስ ጭንቀት የሚያላቅቅ አዲስ መድኃኒት ወጥቷል፤ እንደ ኢያቄም ያሉትን ሰዎች ይርዳቸው አይርዳቸው ግን ገና በቅጡ ያየው የለም። እሱ ሊያይ ነው የመጣው። ፈረንጆቹ ሐኪሞች ድሮ «ሐዘን ማሰብ ይፈልጋል፣ እነዚህ ደግሞ አያስቡም፤ ስለዚህ አያዝኑም» ይሉ ነበር አለ፤ «እኔ አላምነውም» አለ። ጠዋት ጠዋት ግማሹ ነጭ ግማሹ አረንጓዴ የሆነ እንክብል በዳቦ ውስጥ ይሰጠዋል፤ ራሱን ሲመታ ሽምብራ፣ ሰው ሲመታ ባቄላ ጣሳው ውስጥ ይጣላል፤ ዶክተሩ ሲመጣ ዘርግፎ ያያል። ዛሬ የመጨረሻው ቆጠራ ነው። አጎቷ ጋሼ ከበበው ደግሞ ምሏል። «መድኃኒቱ ካልያዘው በሰንሰለት አስሬ ሩቅ ፀበል እወስደዋለሁ፤ እዚያው ይቀመጣል» ብሏል። ትሩፋት ሰንሰለት ምን እንደሚሠራ ታውቃለች። ከዚሁ ሰፈር ቱሉ የሚሉት ሰውዬ እንዲሁ ታስሮ ተወስዶ ሲመለስ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት በቁስሉ ውስጥ ይታይ ነበር፤ ክረምቱን አልጨረሰውም። ስለዚህ አሁን የጣለችውን ሽምብራ ጥቂት አየችው፣ ከጣሳው እፍኝ ዘገነችና ምድጃው ላይ ባለው ምጣድ በተነችው። ተቆልቶ ሲንጣጣ በጤነኛው በኩል ባለው ጥርሷ ቆረጠመችው። ላለፉት ሳምንታት የወንድሟን በሽታ የምትቀንሰው በዚሁ መንገድ ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በጋዜጣ የተለጠፈው የጭቃ ግድግዳ ኢያቄም ግንባሩን በሚያሳርፍበት ቁመት ላይ ዙሪያውን ተጎድጉዷል። የእናታቸው አልጋ እንደ ተነጠፈ ነው፤ ማንም አይተኛበትም፣ ማንም አያፈርሰውም። ከሥሩ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥኗ አለ። ኢያቄም በቀን በቀን እሱን እየጠቆመ «ክፈቺ» ይላል። ትሩፋት ለጠየቃት ሁሉ ትተረጉማለች፦ «ዳቦ ቆሎ ፈልጎ ነው፤ እማዬ እዚያ ውስጥ ትደብቅለት ነበር።»

እናታቸው አምሳለ የሞተችው በጥቅምት ነው። ልቧ ነው ተባለ፤ ጓዳ ስትጠርግ እዚያው ተደፋች። ድንኳን ተተከለ፣ ዘመድ ተጠራ። ደብረ ብርሃን ያለችው የሩቅ አክስት እንኳ ሳይነጋ ሽማግሌ ቤቷ ድረስ ሄዶላት መርዶዋን በወጉ ተረድታለች። መርዶ ያልተነገረው ለኢያቄም ብቻ ነው። «ጅል ምን ይገባዋል? ሰው ፊት ያዋርደናል እንጂ» ተባለና እትዬ ዙሌካ መጋዘን ውስጥ፣ ከሳሙናው ካርቶን ጋር፣ ከረሜላ ተሰጥቶት ተቆለፈበት። ሰው ከሀና ማርያም ቀብር ሲመለስ ትሩፋት ሄዳ ከፈተችለት። ከረሜላው አልተነካም። ግንባሩ ላይ ግን የቆርቆሮ መስመር ታትሞበት ነበር፤ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል እንኳ ሳቅ አመለጣት። «እማ?» አላት። «ፀበል ሄዳለች፤ ትመጣለች» አለችው። መማታቱን የጀመረው ከዚያ ሰሞን ነው። ዶክተሩ መጀመሪያ በመጣ ቀን «ሐዘን ነገር ደርሶበታል?» ብሎ ሲጠይቅ ትሩፋት ነበረች የመለሰችለት። «እናታችን ሞታለች፤ እሱ ግን አያውቅም።» «እርግጠኛ ነሽ?» ሲላት፣ «እሱን ለኔ ይተዉት ዶክተር!» አለችው። ተወላት።

ጋሼ ከበበው ለምሳ የመጣው ጆንያ ተሸክሞ ነው። የእናታቸው ወንድም ነው፤ ወፍጮ ቤት ስለሚሠራ ቅንድቡ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ጆንያው ሲቀመጥ የብረት ድምፅ ሰጠ። «ሰንሰለት በኪሎ ነው የሚሸጠው፣ አታውቂም» አለ እጁን እየታጠበ። «ኪሎው ከሥጋ ይወደዳል። ሻጩ ለውሻ ነው ለላም ቢለኝ ለላም ነው አልኩት።» ትሩፋት የተሰነጠቀ ከንፈሯን በጣቷ ዳሰሰች። ሽሮውን በሉ። በአጎቷ ክንድ ላይ ያለፈው ሳምንት ንክሻ ገና ጥቁር ነው፤ በኢያቄም ጀርባ ላይ ደግሞ የዚያው ቀን የመብራት ሽቦ ሰንበር አለ። ሁለቱም አንድ ትሪ ላይ እጃቸውን ሰደዱ፣ ሁለቱም እንጀራውን በአንድ ዓይነት ቆረሱ፤ ሁለቱም የአምሳለ እጅ ነው ያላቸው። ኢያቄም ጉርሻውን ጨርሶ ወደ አልጋው ሥር ጠቆመ። «ክፈቺ» አለ። «ዝም በል!» ብሎ አጎትየው በመዳፉ ማጅራቱን አጮለው።

ዶክተር ሚሳኤል ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ጫማው አቧራ ጠጥቶ ደረሰ። ወጣት ነው፣ መነጽሩን በየደቂቃው ወደ ላይ ይገፋል። ግቢው ውስጥ በርጩማ ተሰጠውና ጣሳውን ተቀብሎ መዳፉ ላይ ገለበጠው። ፊቱ በራ። «እንዴ! ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው!» ትሩፋት አንገቷን ሰበቀች። ከዚያ ዶክተሩ «እስቲ ደግሞ» ብሎ የኢያቄምን ሸሚዝ ገለጠው። ደረቱ ከአንገቱ እስከ ጡቱ እንደ በሰበሰ ብርቱካን ጠቁሯል፤ አሮጌው ላይ አዲሱ ተነጥፎበታል። ዶሮዎች እግሩ ሥር ሲጭሩ ዶክተሩ ባዶውን ጣሳ እንደገና አየው።

«ትሩፋት፣ ሽምብራው የት ሄደ?»

«በላሁት።»

«ጥሬውን?»

«ኧረ ቆልቼ!» አለች፤ ምላሷ እሷን መጠበቅ ትቷል። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። «አየሽ፣ አንቺ ዋሽተሽ እኔ ያዘለት ብዬ ብጽፍ ነገ መቶ ሰው ይውጠዋል።» ጋሼ ከበበው ግን የሰማው ሌላ ነው። «ስለዚህ መድኃኒቱ አልሠራም» አለ። ዶክተሩ በርጩማው ላይ ተቁነጠነጠ። «እሱን ገና አላውቅም ጋሽ ከበበው። ግማሾቹ በሽተኞች መድኃኒቱን ነው የሚወስዱት፤ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ እንክብል። ኢያቄም የቱ እንደደረሰው ጥናቱ እስኪያልቅ እኔም አላይም። መጀመሪያ ቀን ነግሬዎታለሁ።»

«ባዶ ማለት? ውስጡ ምንድነው?»

«ያው፣ ዱቄት ቢጤ።»

ጋሼ ከበበው የራሱን ሸሚዝ እጅጌ አየ፤ ነጭ ነው። «ዱቄት!» አለ ቀስ ብሎ። «ዱቄትማ እኔ ጋ ሞልቷል ዶክተር። ዱቄት ለማብላት ነው በሁለት ታክሲ የሚመጡት?» ተነሳና ጆንያውን ገለበጠው። ሰንሰለቱ መሬቱን ሲመታ ዶሮዎቹ ተበተኑ። «ጋሼ፣ በእናትህ!» አለች ትሩፋት። «ጅል ሐዘን የለውም። ጋኔን ነው ያለው፤ ጋኔን ደግሞ በእንክብል አይወጣም» አላትና ወደ ኢያቄም ዞሮ ድምፁን አለዘበ፤ ሊያርዳት ያሰባትን ዶሮ እንደሚጠራ ሰው። «ና ኢያቄም። ና የኔ ልጅ። ፀበል ልንሄድ ነው። እናትህ የሄደችበት።»

ኢያቄም የያዘውን ዳቦ መሬት ላይ አስቀመጠ። አጎቱን አየ፣ ሰንሰለቱን አየ፣ ከዚያ ትሩፋትን አተኩሮ አያት። ትሩፋት ያን አስተያየት አነበበችው። «ደስ ብሎት ነው» አለች ለዶክተሩ።

ቃሏ ከአፏ ሳይወጣ በርጩማው ተነሳ። ዶክተሩ ገና ከላዩ አልወረደም ነበርና በጀርባው ወደቀ፤ መነጽሩ በኢያቄም ተረከዝ ሥር ተሰባበረ። በርጩማው የጋሼ ከበበውን አፍንጫ አገኘው። እርጥብ እንጨት የተሰበረ መሰለ። አጎትየው በደም የቀላ ዱቄት ፊቱ ላይ እንደ ሊጥ ተለጥፎ፣ እየተንገዳገደ ሰንሰለቱን አንስቶ ነረተው፤ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ አንገቱን፣ ዐይኑን ሳይቀር። ትሩፋት መሃል ገባች፤ የሰንሰለቱ ጫፍ ትከሻዋ ላይ ተጠመዘዘና ወደ ጉልበቷ አወረዳት። «ኡኡ! ሰው አለቀ!» እያለች እትዬ ዙሌካ ከነሚዛን ማንኪያዋ ደረሰች። አጎትየው የኢያቄምን አንድ እግር ይዞ ሰንሰለቱን ሲጠመጥምበት፣ ኢያቄም በሌላው እግሩ ደረቱን ረገጠው፣ ረገጠው፣ እስኪለቅ ረገጠው። አልጮኸም፤ «እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ» ይላል ብቻ፣ አፈር እየቧጠጠ። ተፈናጥሮ ሲነሳ ሰንሰለቱ እግሩ ላይ ነበር፤ እየጎተተው ቤት ገባ። ከውስጥ ብረት በእንጨት ላይ ሲወርድ ተሰማ። ሳጥኑን እየሰበረው ነበር።

ሲወጣ በእጁ ዳቦ ቆሎ የለም። የእናቱን ነጠላ ይዟል። ጥለቱን ወደ ላይ አዘቀዘቀና፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ደረቱ ላይ አጣፋው። ድንኳኑ ተተክሎበት በነበረው ቦታ ላይ ቆመ። ደረቱን ደቃ፤ ጉንጩን ነጨ። ከዚያም አፉን ከፈተና፣ በዚያ በወፍራም ድምፁ ውስጥ ቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ እየፈለገ ጮኸ። «እማዬ! ይሄን ጅል ለኔ ጥለሽ የት ትሄጃለሽ! እማዬ! ለማን ጥለሽኝ!»

ትሩፋት ቃሉን አወቀችው። የራሷ ነው። አስከሬኑ ሲወጣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን እየነጨች ያለችው ነው፤ ምልክቱ ጉንጯ ላይ ገና አለ። አረጋገጡ እንኳን የሷ ነው፤ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ ሁለቴ በቦታው። ያን የቆርቆሮ መስመር ታትሞበት ያየችውን ግንባር አሰበች። እትዬ ዙሌካ አፏን በሻሿ ይዛ «መጋዘኑ... በዚህ በኩል ቀዳዳ አለው» አለች። እማዬን ሲያወጧት አይቷል። ይህ ሁሉ ድብደባ፣ ይህ ሁሉ ሽምብራ፣ ለቅሶ ነበር፤ ብቻውን፣ መርዶ ሳይነገረው፣ አይዞህ የሚለው ሰው ሳያገኝ። እና ዛሬ «እናትህ የሄደችበት» ሲሉት አፈር ውስጥ ሊከቱት ነው ብሎ ነው በርጩማውን ያነሳው። እሷ ደግሞ ደስ ብሎት ነው አለች።

ዶክተሩ መሬት ላይ እንደ ተቀመጠ፣ የተሰበረ መነጽሩን እጁ ላይ ይዞ «እኔም ጠይቄ ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «መልሱን ደግሞ ጻፍኩት።» ጋሼ ከበበው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አፍንጫው አሞት ነው ሊባል ይችል ነበር፤ ግን «እህቴን፣ እህቴን» ሲል ተሰማ፣ በቀብሯ ቀን እንኳ ያላወጣውን ድምፅ። ከዚያ ዳኸ፤ በእጁና በጉልበቱ ዳኸና የኢያቄምን እግር ይዞ ሰንሰለቱን ይፈታው ጀመር። ኢያቄም አልረገጠውም። «ነገ ሳይነጋ ዕድርተኛውን ጥሩ» አለ አጎትየው፣ ደሙን እየተፋ። «ወጉ ይድረሰው። መርዶው ይነገረው። ፀበል የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳልሰማ።» ሰንሰለቱን በእግሩ ወደ አጥሩ ገፋው።

ትሩፋት ግን እስከ ነገ የሚቆይ ሆድ የላትም። ደግሞስ እሷ እያለች ዕድርተኛ ምን ይሠራል? ወንድሟን የምታነበው እሷ አይደለችም? የደማ ከንፈሯን ጠረገች፣ ትከሻዋን እየጎተተች ሄዳ ፊቱ ተንበረከከች፣ እንደ ሽማግሌዎቹ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ኢያቄምዬ» አለች ረጋ ብላ፣ ቃል ከቃል እየለየች፣ ለሕፃን እንደሚነገረው። «ስማኝ የኔ ጌታ። ሰው ሁሉ ይሄዳል። አይዞህ። አንተ አታውቅም እንጂ... እማዬ ፀበል አልሄደችም። እማዬ ሞታለች።»

ኢያቄም ባላበጠው ዐይኑ አያት። ንፍጡን በእናቱ ነጠላ ጠረገ።

«አውቃለሁ» አለ። «ጅል!»